ራጅ የማያሳየው ሕመም

በዚህ ዓምድ ስለ ባልና ሚስት መነጋገር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ገንዘብ አያያዝ ስንወያይ ቆይተናል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በብዙ ክርስቲያን ቤቶች ውስጥ በዝምታ የሚኖር ነው። ራጅ ሲነሡት የማይታይ፣ ደም ሲመረመሩ የማይገኝ፣ ሌሊት ግን ሰውን ሲያገላብጥ የሚያድር ሕመም ነው።

የምሠራው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ነው። አካባቢያችን ሸክም የሚበዛበት አካባቢ ነው። ከጅቡቲ መንገድ የሚመጣው ከባድ መኪና ከነተሳቢው ጉምሩክ ደጃፍ ተሰልፎ ይውላል። የብረታ ብረቱና የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ስንቱን አባት ከወጣትነት እስከ ጡረታ በፈረቃ አሠርቷል። በገላንና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ከመሀል ከተማ፣ ከዕድራቸውና ከቡና ጎረቤታቸው ተነጥለው የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ወደ ምክር ክፍሌ ከሚመጡት ብዙዎቹ «ተጨንቄአለሁ» ብለው አይጀምሩም። «ወገቤን፣ ትከሻዬን፣ ራሴን፣ ጨጓራዬን» ብለው ነው የሚጀምሩት። በእጃቸውም ብዙ ጊዜ የራጅ ፊልም የያዘ ትልቅ ፖስታ አለ።

የምነግራችሁ ከእነዚህ ሰዎች የአንዱን ታሪክ ነው። እርሱም ባለቤቱም ፈቅደውልኛል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ግን አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ፤ የሌሎች ሰዎችንም ታሪክ ቀላቅዬበታለሁ።

ፖስታውን የያዘችው ሚስት

ወንድማችን ዕድሜው አርባዎቹን አጋምሷል። ሃያ ዓመት ያህል ከባድ መኪና ነድቷል። ወደ እኔ ሲመጣ ግን መንዳቱን ትቶ በአንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይቆጣጠር ነበር። ባለቤቱ ፖስታውን ይዛ ቀድማ ገባች። እርሱ ወንበሩን ካየ በኋላ ቆሞ ቀረ።

«መቀመጥ ይከብደዋል» አለች።

ወገቡን ካመመው አራት ዓመት ሆኖታል። ራጅም ኤም አር አይም ተነሥቷል። ወጌሻ አሽቶታል፤ ፍል ውኃ ገብቷል፤ የወገብ ቀበቶ ታጥቋል፤ መርፌ ተወግቷል። የመጨረሻው ሐኪም ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ካየ በኋላ፣ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ትንሽ የዲስክ መድረቅ እንጂ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነገረው። ሐኪሙ ሊያጽናናው ብሎ ነው። ወንድማችን የሰማው ግን ሌላ ነው።

«ውሸታም ያለኝ መሰለኝ፣ ዶክተር» አለኝ።

እኔ ሐኪም እንዳልሆንኩ ነገርኩት። የሥነ ልቦና ባለሙያ መድኃኒት አያዝም፤ እርሱ የአእምሮ ሐኪም ሥራ ነው። የእኔ ድርሻ መስማት፣ ከሕመሙ ጋር የተቆራኘውን ነገር አብሮ መፈለግ፣ ከዚያም ሰውየው ወደ ኑሮው የሚመለስበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ አብሮት መሥራት ነው። ይህን ካስረዳሁት በኋላ «ሕመሙ ሲጀምርዎ ኑሮዎ እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሚስት ወደ ባሏ ዞረች። ባል ወደ መስኮቱ ዞረ። «ያው... ከአደጋው በኋላ ነው» አለና ዝም አለ።

ቀሪውን የነገረችኝ እርሷ ናት። በአፋር መንገድ በሌሊት ጎማ ፈንድቶ መኪናው ተገለበጠ። እርሱ ከጥቂት መፋቅ በቀር ሳይነካ ወጣ። ረዳቱ፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ፣ እዚያው አለፈ። ትራፊክ ፖሊስ ጥፋቱ የሾፌሩ አይደለም ብሎ ደመደመ። ወገቡ መታመም የጀመረው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁ ስም በቤታቸው ተጠርቶ አያውቅም።

የእሑዱ ምስክርነት

በሁለተኛው ቀጠሮ ሚስት «ሌላም ነገር አለ» አለች። ባሏ አንገቱን ደፋ።

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ለበሽተኞች ሲጸለይ እርሱም ወደ ፊት ወጣ። ተጸለየለት። «ለቀቀህ ወይ?» ተብሎ በጉባኤው ፊት ተጠየቀ። «ለቀቀኝ» አለ። ጉባኤው በእልልታ ተቀበለው። ባለቤቱ አለቀሰች። ድምፅ ማጉያ ተሰጥቶት መሰከረ።

«አልዋሸሁም» አለኝ። «በዚያ ሰዓት በእውነት ቀሎኝ ነበር። ማክሰኞ ተመለሰ።»

ማክሰኞ ተመለሰ፤ እርሱ ግን ለማንም አልተናገረም። እንዴት ይናገር? በሰፈር «የተፈወሰው ወንድም» ሆኗል። የፈውሱን ዜና ለእናቱ ሳይቀር ደውላ የነገረች ሚስት አለችው። «እምነት ጎደለህ» እንዳይባል ፈራ፤ ከዚያም በላይ የጌታን ስም የሚያሰድብ መሰለው። ስለዚህ እየሳቀ መታመም ጀመረ። ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዛ፣ በሥራ ቦታው የመፍቻ ሣጥን ውስጥ እየደበቀ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ይውጥ ነበር። አንድ ቀን ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ራሱን አዙሮት ወደቀ። ጨጓራው ደምቶ ነበር። ሚስቱ እውነቱን ያወቀችው ሆስፒታል ውስጥ ነው።

«ሕመሙን ብቻ ቢሆን እችለው ነበር» አለችኝ። «እኔን መደበቁ ነው የጎዳኝ።»

ወገኖች ሆይ፣ ይህን ታሪክ የማነሣው የጌታን ፈዋሽነት ለመጠራጠር አይደለም። ነገር ግን በየጉባኤያችን እንዲህ ያለ የተደበቀ ሕመም የተሸከሙ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እንዲደበቁ ያደረግናቸው እኛ ራሳችን የሆንንበት ጊዜም አለ።

የማይጠፋው መብራት

«ታዲያ ሕመሙ እውነት ነው ወይስ የሐሳብ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሕመሙ የሚሰማው ወገቡ ላይ ነው፤ በፈጠራ የመጣ አይደለም።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውን ትርጓሜ በ2020 ሲያሻሽል፣ ሕመም የአካል ስሜት ብቻ ሳይሆን የውስጥ ስሜትም ጭምር መሆኑን ደግሞ አጽንቷል። ሰው «አመመኝ» ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባም ጽፏል። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ውስጥ ያገለገለው አሜሪካዊ ሐኪም ሄንሪ ቢቸር፣ ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ማስታገሻ ይፈልጉ እንደሆነ ሲጠይቃቸው ከአራቱ ሦስቱ ያህል እንደማይፈልጉ መለሱለት። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1946 ጻፈ። ለወታደሩ ቁስሉ ከጦር ሜዳ በሕይወት መውጫ ነበር፤ ትርጉሙ ሕመሙን አቀለለው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ካናዳዊው ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በአከርካሪያችን ውስጥ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ የነርቭ መተላለፊያ አለ፤ በሩን ከታች የሚመጣው መልእክት ብቻ ሳይሆን ከላይ ከአንጎል የሚወርደውም ትእዛዝ ያንቀሳቅሰዋል አሉ። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ቢታረምም ዋናው ነገር ጸንቷል። ፍርሃት፣ ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት በሩን ይከፍቱታል፤ ተስፋ፣ ደስታና የወዳጅ መኖር ያጠቡታል። ወንድማችን በዚያ እሑድ በእልልታው መካከል «ቀሎኝ ነበር» ያለው እውነቱን ነው።

ስለ ፊልሙም ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ጀርባቸውን ጨርሶ የማያማቸውን 3110 ሰዎች ምርመራ ሰብስቦ አየ። ከሃያ ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከአርባ ዓመት ሰዎች ደግሞ 68 በመቶው የዲስክ መድረቅ ተገኝቶባቸዋል፤ ሆኖም አንዳቸውም አያማቸውም ነበር። ስለዚህ ፊልም ላይ የሚታየው ሁሉ የሕመም ምክንያት አይደለም፤ ፊልም ላይ አለመታየቱም ሕመም የለም ማለት አይደለም።

ለወንድማችን ይህን ያስረዳሁት በራሱ ቋንቋ ነው። «በመኪናዎ ዳሽቦርድ ላይ ቀይ መብራት በራ እንበል። ጋራዥ ገብቶ ሞተሩ ተፈተሸ፤ ደህና ነው። መብራቱ ግን አልጠፋም። ምን ያደርጋሉ?» አልኩት።

«ሽቦውን አያለሁ» አለ ወዲያው።

የእኛም ሥራ ሽቦውን ማየት ነበር። የአካላችን ማንቂያ አንዳንድ ጊዜ አደጋው ካለፈ በኋላም መብራቱን አያጠፋም። በተለይ ከባድ ድንጋጤ ያለፈበት ሰው አካሉ እንደ ተወጠረ ይቀራል። ይህ የድንጋጤ ቁስል እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ራሱን የቻለ ስም ተሰጥቶታል። ምልክቶቹም ይታወቃሉ። ያለፈው ነገር ዛሬ እየሆነ ያለ ያህል ተመልሶ ይመጣል፤ ሰውየው ያንን የሚያስታውሰውን ቦታ፣ ስምና ወሬ ይሸሻል፤ በትንሽ ድምፅ ይበረግጋል። ወገቡ ሲያመው አደጋውን ያስታውሳል፤ አደጋውን ሲያስታውስ ወገቡ ይወጠራል። ሁለቱ እንዲህ እየተመጋገቡ ይኖራሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በከተማችን ደቡባዊ ክፍል የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ የሰሙ ዛሬም በመካከላችን አሉ። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ስድሳ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ሲመለሱ ብዙዎቹ ሊናገሩት የማይችሉትን ይዘው መጥተዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረውን የሰሜኑን ጦርነት ያዩም በየጉባኤያችን ተቀምጠዋል። ቋንቋችን ራሱ ነገሩን ያውቀዋል። መርዶ ሲሰማ «ወገቤ ተቆረጠ»፣ ሲያዝን «አንጀቴ ተቃጠለ»፣ ሲከፋው «ሆድ ባሰኝ» የሚል ሕዝብ፣ ሐዘን ወደ አካል እንደሚገባ አዲስ የሚነገረው አይደለም።

ሆኖም አንድ ማሳሰቢያ አለ። የወገብ ሕመም ሁሉ እንዲህ አይደለም። እግር መዛል፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ በአገራችን አለ፤ መድኃኒትም አለው። ምክር የሚጀመረው ሐኪም ካየ በኋላ ነው።

በሰዓት የሚለካ እርምጃ

ወንድማችን በደህናው ቀን ያልሠራውን ሁሉ ይሠራና በማግስቱ አልጋ ይይዛል። ሦስት ቀን ተኝቶ ሲነሣ ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ በክፉ ቀኑ ስንት ደቂቃ መራመድ እንደሚችል ጠየቅሁት። ስድስት አለ። በስድስት ደቂቃ ጀመርን። ቢያመውም ባያመውም ጠዋት ስድስት፣ ማታ ስድስት። በየሦስት ቀኑ አንድ ደቂቃ ይጨምራል። ደህና ቀን ስለ ሆነ ከታዘዘው በላይ አይሄድም። በሁለት ወር ተኩል ግማሽ ሰዓት ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለረጅም ጊዜ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያም ስለ ሕመሙ ማስተማርን፣ የአካል እንቅስቃሴንና የሥነ ልቦና ሕክምናን ይመክራል፤ የወገብ ቀበቶን ግን አይመክርም። ቀበቶውን እያላላ መጥቶ ተወው። መድኃኒቱን ደግሞ ከራሱ እጅ ወደ ሐኪሙ እጅ መለስነው።

ሌላው መሰላል ከመኪናው ጋር የነበረው ነው። በመጀመሪያ በቆመ ከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ከባለቤቱ ጋር አሥር ደቂቃ ተቀመጠ። እጁ ላበው፤ ወገቡ ተያዘ፤ እስኪበርድለት ግን አልወረደም። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ተቀመጠ። ቀጥሎ ጓደኛው እየነዳ እስከ ገላን፣ ከዚያም እስከ ዱከም ሄዶ ተመለሰ።

በስድስተኛው ቀጠሮ የአደጋውን ሌሊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ለአራት ዓመት ለማንም ያልተናገረው ነገር ያን ቀን ወጣ። አዋሽ ላይ እራት በልተው ሲነሡ ልጁ «አዋሽ እንደር፣ ጋሼ፤ እንቅልፍ ይዞኛል» ብሎት ነበር። እርሱ ደግሞ «ትንሽ እንግፋ፤ ገዋኔ እናድራለን» አለው።

«ትራፊክ ፖሊስ ይህን አልጠየቀኝም» አለኝ። «ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

ባለቤቱ አጠገቡ ነበረች። ምንም አልተናገረችም፤ እጁን ያዘችው። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ ፊት አለቀሰ። እኔም «ጥፋት የለብዎትም፤ ይርሱት» ብዬ አልቸኮልኩም። የኢዮብ ወዳጆች መልካም ሥራቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰባት ቀን አብረውት በተቀመጡበት ጊዜ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ።

ለባልና ለሚስት

በረጅም ሕመም ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ስሕተት አያለሁ። አንዱ ተግሣጽ ነው። «ሰው ሁሉ ያመዋል፤ ተነሥ!» ይባላል። ሌላው በፍቅር የሚሠራ ስሕተት ነው። እህታችን ባሏ ውኃ እንኳ እንዳያነሣ፣ ልጁን እንዳያቅፍ፣ ገበያ እንዳይሄድ ሁሉን ከእጁ ተቀብላ ነበር። ማለዳ ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «ዛሬስ እንዴት አደረህ፣ አመመህ?» ነበር። በፍቅር ነው ያደረገችው። እርሱ ግን ከቀን ወደ ቀን በገዛ ቤቱ እንግዳ እየሆነ ሄደ። በአልጋም ቢሆን ሕመም እንዳይቀሰቀስ ፈርተው ተለያይተው ነበር የሚተኙት፤ ይህንም አልተነጋገሩበትም።

በሦስት ነገር ተስማሙ። ስለ ሕመሙ የሚነጋገሩት ማታ ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያች ሩብ ሰዓት ግን ምንም አይደበቅም። በቀን ውስጥ እርሷ «አመመህ?» በማለት ፈንታ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ትለዋለች። አንድ የቤት ሥራም ለእርሱ ተመለሰለት፤ ትንሹን ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ። መቀራረባቸውም ቀስ በቀስ፣ አንዱ ሌላውን እየጠየቀ ተመለሰ።

ለእረኞችና ለሽማግሌዎች

ከታላቅ አክብሮት ጋር ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ጌታችን አሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ነው የነገራቸው፤ በሉቃስ 17 ላይ ተጽፏል። በዚያ ዘመን የነጻውን የሚያረጋግጡት ካህናት ነበሩ። እኛም የተጸለየለትን ሰው በዚያችው ደቂቃ ድምፅ ማጉያ ከምንሰጠው፣ «ሐኪምህ ይይህ፤ በወሩ ና ንገረን» ብንለው የጌታ ክብር አይቀንስም። ጌታ ፈውሶት ከሆነ በወሩም የተፈወሰ ነው። መድኃኒቱንም ሐኪም ሳያየው እንዳያቋርጥ እንንገረው። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ሲመክረው እምነቱን አልተጠራጠረም።

ሁለተኛ፣ ሰው ሳይድን ሲቀር ምክንያቱን በኃጢአቱ ወይም በእምነቱ ማነስ ላይ ለመለጠፍ አንቸኩል። በዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ማን ኃጢአት እንደ ሠራ ሲጠይቁ ጌታ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። ኤልያስ ሞቱን ለምኖ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሲተኛም እግዚአብሔር በመጀመሪያ የሰጠው እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነው፤ ስብከት አይደለም።

ከጉባኤያችሁ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ብቻውን እንዳልሆነ ያሳየዋል። ብቻውንም አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና አድርሱት። በ1995 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና እስኪጀመር ድረስ በአገራችን የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ በየጤና ጣቢያው እንዲገባ አቅዷል። ስለዚህ መነሻችሁ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይሁን፤ ለእኛ ለአቃቂ ቃሊቲዎች ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ቅርብ ነው። ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። ስሙን ሰምታችሁ አትፍሩ፤ አማኑኤል የሄደ ሁሉ «ያበደ» አይደለም።

የሞጆው ጉዞ

ወንድማችን «የልጁን እናት ማየት አለብኝ» ያለው እርሱ ራሱ ነው። እኔ አላዘዝኩትም። አራት ዓመት ሙሉ በሞጆ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞር ነበር። ከባለቤቱና ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋር አንድ ቅዳሜ ሄዱ። ልጁ ያለውንና እርሱ የመለሰውን ምንም ሳያስቀር ነገራት።

እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እራቱን በልቶ ነበር?»

«በልቷል፣ እናቴ። ጥብስ ነው የበላነው። የእኔንም ጨርሶልኛል።»

«እሱ መብላት ይወዳል» አለች፤ ነጠላዋንም በዓይኗ ላይ ሳበች። ቡና ሳይጠጡ እንዳይሄዱ ከለከለቻቸው። ሲወጡ «የልጄን ስም የሚጠራልኝ ሰው አጥቼ ነበር። እየመጣህ ጥራልኝ» አለችው።

ወንድማችን ፈጽሞ ዳነ ብዬ አልጽፍም፤ እርሱም እንዲህ እንድጽፍ አይፈልግም። ሕመሙን ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ ሲባል ስምንት ይል የነበረው፣ ከሰባት ወርና ከአሥራ አራት ቀጠሮ በኋላ አራት ይላል። በብርድ ወራት ይብስበታል። ሌሊቱን ግን ይተኛል፤ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ በወር አንድ ጊዜ ሞጆ ይሄዳል።

አንድ እሑድ ደግሞ ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ በምስክርነት ጊዜ ቆመ። ያን ጊዜ «ለቀቀኝ» ካለ በኋላ ሕመሙ እንደ ተመለሰ፣ አፍሮ እንደ ደበቀ፣ መድኃኒት በስውር ሲውጥ ሊሞት እንደ ነበር ተናገረ። «ዛሬም ያመኛል» አለ፤ «ነገር ግን ከእንግዲህ ከእናንተም ከሚስቴም አልደብቅም።» እልልታ አልነበረም። ሲወጡ ግን አንድ እናት ወደ ባለቤቱ ጠጋ ብለው «ያ ባለሙያ ያለበት ቦታ የት ነው? የእኔም እንደዚያው ነው» አሏት። ከእርሳቸው በኋላ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጠየቋት።

በቤታችሁ ተወያዩበት

1. ለትዳር ጓደኛችሁ የደበቃችሁት ሕመም፣ መድኃኒት ወይም ፍርሃት አለ? ለመናገር የከለከላችሁ ምንድን ነው?

2. ከእናንተ አንዱ ሲታመም ሌላው ምን ያደርጋል? ይገሥጻል፣ ሁሉን ከእጁ ይቀበላል ወይስ አብሮት ይራመዳል?

3. በቤታችሁ ስሙ የማይጠራ ሰው አለ? ስሙን ብትጠሩት ምን የሚሆን ይመስላችኋል?

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ የሰላም አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን።